መዳፍን ማንጋለል፤ በእጅ አንጓ አጠገብ ስላለው የክንድ መገጣጠሚያ የቀረበ ንግግር



ክንድ ሁለት አጥንቶች እንዳሉት ማንኛውም የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ጉዳይ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደግሞ አልና ይባላል። ሁለቱ አጥንቶች ከላይ በክርን አጠገብ፣ ከታች በእጅ አንጓ አጠገብ ይጋጠማሉ። የላይኛው መጋጠሚያ በመማሪያ መጻሕፍትም ሆነ በቀዶ ሕክምና ክፍል የራሱ ስምና የራሱ ቦታ አለው። የታችኛው ግን ብዙውን ጊዜ በእጅ አንጓ ስም ተሸፍኖ ያልፋል። ታማሚው «አንጓዬን አመመኝ» ይላል፤ ሐኪሙም «የአንጓ ስብራት» ብሎ ይጽፋል፤ በሁለቱ መካከል አንድ ራሱን የቻለ መገጣጠሚያ ሳይጠራ ይቀራል።

የዚህ መገጣጠሚያ ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው፤ መዳፍን ማገላበጥ። ለሁለቱ አቅጣጫዎች በአማርኛ የቆየ ቃል አለ። ሰው በደረቱ ሲተኛ ተደፋ፣ በጀርባው ሲተኛ ተንጋለለ እንደሚባል ሁሉ፣ መዳፍም ወደ መሬት ሲዞር መድፋት፣ ወደ ሰማይ ሲዞር ማንጋለል ቢባል ከውጭ ቋንቋ ከመጡት ስሞች ይልቅ ለታማሚውም ለሐኪሙም ጆሮ የቀረበ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ንግግር ውስጥ የሚያገለግሉት እነዚሁ ሁለት ቃላት ናቸው።

መዳፍን ማገላበጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ ኩታበር መሄድ ይሻላል። ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኩታበር ደጋ ናት። ከእርስዋ ወደ ተንታ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቦረናና መካነ ሰላም ድረስ የሚዘልቀው ሀገር ገደልና አምባ የበዛበት፣ ሰውም ከብትም በቀጭን መንገድ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነው። ገበሬው በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ያርሳል። እርፉን ሲጫን መዳፉ የተደፋ ነው፤ ትልሙ ሲያልቅ ማረሻውን አንሥቶ ሲመልስ ክንዱ ይዞራል። በአውድማ ላይ ላይዳ የሚይዝ ሰው አንዱን መዳፉን ካላንጋለለ እህሉን ለነፋስ መስጠት አይችልም። በቤት ውስጥ ከጀበና ቡና የምትቀዳ እናት መዳፍዋን ቀስ አድርጋ ትደፋለች። እንጀራ የሚቆርስ እጅ ተደፍቶ ይቆርስና ተንጋልሎ ወደ አፍ ይሄዳል። ከታላቅ ሰው የሚሰጥን ነገር በሁለት መዳፍ መቀበል የአክብሮት ምልክት ነው። በወሎ ዱዓ ሲደረግ የተሰበሰበው ሰው ሁለቱንም መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ አንዱ መዳፉ አልዞር ያለው ሰው በዚያ መካከል ጉድለቱ ሳይናገር ይታይበታል።

በነሐሴ ጭቃ አዳልጦት በተዘረጋ እጁ ላይ የወደቀ አንድ ገበሬ እንደ ምሳሌ ይወሰድ። ራዲየሱ ከአንጓው ከፍ ብሎ ተሰብሯል። በወጌሻም ይሁን በጤና ጣቢያ ታስሮለት ከስድስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ገጥሟል። እብጠቱ ጎድሏል፤ ጣቶቹ ይጨበጣሉ፤ እርፉንም ይይዛል። ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል፤ አሳሪውም ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ይቈጥራል። ጉድለቱ የሚታወቀው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ አውድማ ላይ ሲወጣ ነው። መዳፉ እስከ ግማሽ መንገድ ይዞርና ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ቢገፋ በትንሿ ጣት በኩል ይወጋዋል። የተሰበረው አጥንት ድኗል፤ ያልዳነው ማንም ያላየው መገጣጠሚያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ ሊታሰብ ይገባል። መድፋት የጎደለው ሰው ክርኑን ከጎኑ አርቆ ትከሻውን ከፍ በማድረግ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል። ማንጋለል የጎደለው ሰው ግን ክርኑን ወደ ጎኑ ቢያስጠጋም ብዙ አያተርፍም፤ ደረቱ ይከለክለዋልና። ከዚህም የተነሣ ከሁለቱ ጉድለቶች ለሠራተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ማንጋለልን ማጣት ነው።

ከገበሬው ፊት የሚሄደው በሬ ይህ ችሎታ ከቶ የለውም። በእርድ ቀን የበሬን የፊት እግር አጥንት ያስተዋለ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በአዋቂ በሬ ራዲየስና አልና ተጣብቀው እንደ አንድ አጥንት ሆነዋል። በአህያና በበቅሎም አልናው ቀጥኖና አጥሮ ከራዲየሱ ጋር ተዋሕዷል። ሸክም ለሚሸከምና ረጅም መንገድ ለሚሄድ እግር የሚያስፈልገው ጽናት ነው፤ መዞር አይደለም። በጦጣዎች ዘንድ ሁለቱ አጥንቶች የተለያዩ ቢሆኑም አልናው እስከ ትናንሾቹ የአንጓ አጥንቶች ወርዶ ይነካቸዋል። በቺምፓንዚ፣ በጎሪላና በሰው ግን አልናው ወደ ላይ አፈግፍጎ ቦታውን ለልስልስ ነገር ለቅቋል። ይህንን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ያጠናው በለንደን ይሠራ የነበረው የአናቶሚ ሊቅ ሉዊስ ነው። ከአንጓ አጥንቶች ጋር የነበረው ግንኙነት በመላላቱ እጅ የመዞር ነፃነት አገኘ፤ ነፃነቱ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ በአጥንት ይጸና የነበረው ሁሉ ከእንግዲህ በጅማት የሚጸና ሆነ።

የዚህ ታሪክ አንድ ምስክር የተገኘው ከዚያው ከወሎ ነው። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ስትገኝ ሐዳር በወሎ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ዛሬ በአፋር ክልል ውስጥ ናት። ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከሚገመተው አጽሟ የራዲየስዋ የታችኛው ጫፍ ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሪችመንድና ስትሬት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጫፍ ለክተው፣ ቅድመ አያቶችዋ እንደ ቺምፓንዚ በታጠፉ ጣቶች ጀርባ እየተደገፉ ይራመዱ እንደ ነበር የሚያሳይ ምልክት አለው ሲሉ ጻፉ። በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት የተገመተችው የአርዲ እጅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም ግን ይህ ሐሳብ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ለሐኪም የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ አራት ጣት የማይሞላ የአጥንት ጫፍ ስለ ባለቤቱ አኗኗር ይህን ያህል ሊያከራክር መቻሉ ነው።

ወደ መገጣጠሚያው አሠራር ሲገባ በመጀመሪያ ሊያዝ የሚገባው ነገር የሚዞረው ራዲየስ፣ የሚቆመው አልና መሆኑ ነው። አልና በክርን ላይ እንደ በር ማጠፊያ ስለ ተያዘ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል እንጂ አይዞርም። ራዲየስ እጅን ተሸክሞ በዙሪያው ይዞራል። የመዞሪያው ዛቢያ ከላይ በራዲየስ ራስ መካከል ይጀምርና ክንዱን በሰያፍ አቋርጦ ከታች በአልና ራስ ላይ ባለችው ትንሽ ጉድጓድ ይወጣል። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው መጋጠሚያ ሁለት ስም ያላቸው የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው የክንድ ቅስትና በሁለቱ አጥንቶች መካከል የተወጠረው ስስ ሽፋንም የዚሁ ሥራ አካል ናቸው። ጤናማ ሰው መዳፉን ወደ 75 ወይም 80 ዲግሪ ይደፋል፤ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ያንጋልላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሞሪና ጓደኞቹ በአሜሪካ ባደረጉት ልኬት አብዛኛው የዕለት ተዕለት ሥራ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በ50 ዲግሪ ሊከናወን እንደሚችል አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ያ ልኬት በር መክፈትን፣ በማንኪያና በሹካ መብላትን የመሰለ ሥራ የተለካበት ስለ ሆነ ላይዳና እርፍ ለያዘ ሰው እንዳለ መወሰዱ ያጠራጥራል።

የታችኛው መጋጠሚያ የሚፈጠረው የአልና ክብ ራስ በራዲየስ ጎን ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ሲያርፍ ነው። ሁለቱ ግን ልክ ለልክ አይደሉም። ጎድጓዳው የተቀረጸበት ክብ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአልናው ራስ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ጀበና በሰፊ ማቶት ላይ ሲቀመጥ እንደሚዋልል ሁሉ ይህም ራስ በጎድጓዳው ውስጥ ይሽከረከራል ብቻ ሳይሆን ይንሸራተታል። መዳፍ ሲደፋ የአልናው ራስ ወደ እጅ ጀርባ በኩል፣ መዳፍ ሲንጋለል ወደ መዳፍ በኩል ይጠጋል። ለዚህም ነው መዳፉን የደፋ ሰው በትንሿ ጣት በኩል ከአንጓው በላይ እንደ ጉልላት የምትታይ እብጠት የሚኖረው። አንጋልሎ ቢያየው እብጠቷ ትጠፋለች። መዳፍ እስከ መጨረሻው ሲዞር አጥንት ከአጥንት የሚነካካበት ገጽ ከአንድ አሥረኛ በታች ሊወርድ ይችላል። የመገጣጠሚያው ጽናት ከአጥንት ቅርጽ የሚያገኘው ድርሻ ከአምስት አንድ ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የቀረው ሁሉ ከጅማት፣ ከሽፋንና ከጡንቻ ነው።

ከጅማቶቹ ዋናው ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ መሐሉ ልም አጥንት፣ ጠርዙ ጅማት የሆነ ክፍል ነው። ፓልመርና ቨርነር እ.ኤ.አ. በ1981 ከአካባቢው ጅማቶች ጋር አንድ አድርገው በአንድ ስም ጠሩት፤ ከዚያ ወዲህ በሕክምናው ዓለም በዚያው ስም ይታወቃል። ሰፊው ጎኑ በራዲየስ ጠርዝ ላይ ተተክሏል፤ ሹሉ ጎን በአልና ራስ ላይ ባለችው ትንሽ ጉድጓድና በሹል ጫፉ ሥር ይገባል። ሞፈርና ቀንበር በምራን እንደሚተሳሰሩ ሁሉ ራዲየስና አልናም በዚህ ሦስት ማዕዘን የፊትና የኋላ ጠርዞች ይተሳሰራሉ። መዳፍ ሲደፋ የሚወጠረው የፊተኛው ነው ወይስ የኋለኛው በሚለው ጥያቄ ላይ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ተጽፏል፤ የስዊድኖቹ የአፍ ኤከንስታምና የሃገርት ጥናት አንዱን ሲደግፍ የሹዊንድና የጓደኞቹ ጥናት ተቃራኒውን አሳየ። ነገሩ የታረቀው እያንዳንዱ ጠርዝ ላይኛና ጥልቅ የሆኑ ሁለት ሽፋኖች እንዳሉት ሲታወቅ ነው። መዳፍ ሲደፋ የኋለኛው ላይኛ ሽፋንና የፊተኛው ጥልቅ ሽፋን ይወጠራሉ፤ ሲንጋለል ይህ ይገለበጣል። ሁለቱም ወገን ያየው እውነት ነበር፤ የቆረጡት ሽፋን ግን የተለያየ ነበር። ለተግባር የሚበልጠው ጥልቁ ሽፋን ነው፤ የተተከለው በዛቢያው መውጫ ላይ ነውና።

ይህ ሦስት ማዕዘን ሌላም ሥራ አለው። የአልናው ራስ ከአንጓ አጥንቶች ጋር በቀጥታ እንዳይጋጭ በመካከል ተነጥፏል፤ ክብደትንም ያስተላልፋል። ፓልመርና ቨርነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ልኬት መሠረት በእጅ ላይ የሚያርፈው ጫና 82 በመቶ በራዲየስ፣ 18 በመቶ በአልና ያልፋል። አልናው በ2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም የአልናው ድርሻ ወደ 42 በመቶ ይወጣል። ራዲየሱ ተሰብሮ አጥሮ ቢገጥም ውጤቱ አልናው ከረዘመበት ጋር አንድ ነው። በራጅ ላይ እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ሸክሙን ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል ማለት ነው።

የደም አቅርቦቱም ሊታሰብ ይገባዋል። ደም የሚደርሰው የሦስት ማዕዘኑ ውጫዊ ጠርዝ ብቻ ሲሆን መሐሉና በራዲየስ በኩል ያለው ክፍል ደም የለሽ ነው። ስለዚህ በአልና በኩል የተቀደደው ጊዜና ዕረፍት ቢሰጠው ሊጠገን ይችላል፤ በመሐል የተቀደደው በራሱ አይጠገንም። በዕድሜም ይሳሳል። ሚኪች የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ቀዳዳ አልተገኘበትም፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ተቀዶ ተገኝቷል። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሽማግሌ አንጓው ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ በሽታ አይደለም። ሕመሙን ሳይጠይቁ ቀዳዳውን ማከም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ጡንቻዎቹን በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። መዳፍን ከሚደፉት አንዱ ከአንጓ በላይ በሁለቱ አጥንቶች ላይ በአግድም የተነጠፈው አራት ማዕዘን ጡንቻ ሲሆን ጥልቁ ክፍሉ ሁለቱን አጥንቶች እንደ መቀነት አስጠግቶ ይይዛል። መዳፍን በኃይል የሚያንጋልለው ደግሞ የላይኛው ክንድ ሁለት ራስ ጡንቻ ነው፤ ይህም ክርን ታጥፎ ሳለ ይበረታል።

ከጉዳቶቹ በመጀመሪያ የሚነሣው የደብሊኑ ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮለስ እ.ኤ.አ. በ1814 የገለጸው የራዲየስ ጫፍ ስብራት ነው። ራጅ የተገኘው ከዚያ ሰማንያ አንድ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ ኮለስ የሠራው በዓይኑና በጣቱ ብቻ ነበር፤ ይህም የሚደነቅ ነው። ቅርጹ ተጣምሞ ቢቀርም ከጊዜ በኋላ እጁ እንቅስቃሴውን እንደሚያገኝና ሕመሙም እንደሚጠፋ ጽፎ ነበር። ይህ ማጽናኛ ከጸሐፊው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል፤ ዛሬም በብዙ ክሊኒክ ውስጥ «እየዋለ ሲያድር ይለቀቃል» በሚል ቃል ይሰማል። ለአንዳንድ አረጋዊ እውነት ሊሆን ይችላል። ራዲየሱ ወደ ኋላ ተቀልብሶና አጥሮ የገጠመበት የሠላሳ ዓመት ገበሬ ግን ጎድጓዳው አቅጣጫውን ስቷል፤ የአልናው ራስ የሚዞርበት ቦታ የለውም፤ በመጠበቅ የሚለቀቅ ነገርም የለም።

ሁለተኛው የሚላኑ ጋሌያዚ እ.ኤ.አ. በ1934 አሥራ ስምንት ታማሚዎችን ጠቅሶ ያስረዳው ጉዳት ነው። ራዲየሱ ከታችኛው ሲሶው ላይ ይሰበርና የታችኛው መጋጠሚያ ይወልቃል። በአማርኛ ስብራትና ውልቃት ተለይተው የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እዚህ ግን ሁለቱ በአንድ ክንድ ላይ በአንድ ጊዜ ደርሰዋል። ዓይን የሚያየው ስብራቱን ስለ ሆነ ውልቃቱ ይረሳል። ስብራቱን በእጅ አቃንቶ በጀሶ ማሰር በአዋቂ ሰው ላይ አይጸናም፤ አራት ማዕዘኑ ጡንቻ፣ የአውራ ጣት ጡንቻዎችና የእጁ ክብደት ራሱ እየጎተቱ መልሰው ያጣምሙታል። ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1957 በዚህ ዓይነት ከታከሙ 38 ሰዎች 35ቱ መጥፎ ውጤት እንዳገኙ ጽፏል። ስለዚህ በአዋቂ ሰው ላይ የታየ ጋሌያዚ ከጤና ጣቢያ ሳይውል ሳያድር ወደ ቀዶ ሐኪም መላክ ያለበት ጉዳት ነው። በሕፃናት ላይ ነገሩ ይለያል፤ ብዙዎቹ መዳፉ ተንጋልሎ ከክርን በላይ በሚደርስ ጀሶ ይድናሉ።

ሦስተኛው ምንም ስብራት ሳይኖር የሚደርስ ጉዳት ሲሆን በሕዝቡ ዘንድ ወለምታ ተብሎ ይታሻል። ወለምታ የተባለው ሁሉ ወለምታ አለመሆኑን ለማወቅ ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ታማሚው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሁለቱን ክርኖች ከጎኑ ጋር ያጣብቅ፤ ክርኖቹን በቀጥታ ማዕዘን ይጠፍ፤ በእያንዳንዱ ጭብጥ አንድ እርሳስ ወይም የተስተካከለ እንጨት ይያዝ፤ ከዚያም ሁለቱን መዳፎች አንድ ላይ ይድፋ፣ አንድ ላይ ያንጋልል። ሁለቱ እርሳሶች እኩል ካልዞሩ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ክርኑን ከጎኑ ያላጣበቀ ታማሚ በትከሻው አታልሎ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ መዳፉ ተደፍቶ የአልናው ራስ በአውራ ጣት ይጫናል፤ እንደ ፒያኖ ቁልፍ ወርዶ ከተነሣና ከሌላው እጅ በላይ ከላላ ማሰሪያው ተበጥሷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በሹሉ ጫፍና በመዳፉ በኩል በሚያልፈው ጅማት መካከል ያለችው ልስልስ ጉድጓድ ስትጫን በጣም ካመመች፣ ጥልቁ ሽፋን ከተተከለበት ቦታ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ራጅ ባለበት ቦታ ፍጹም የጎን ፎቶግራፍ ሊነሣ ይገባል፤ ክንዱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢዞር የወለቀው ያልወለቀ፣ ያልወለቀውም የወለቀ ይመስላልና። ከዚህ በላይ ያለው መሣሪያ ለብዙው የደቡብ ወሎ ሕዝብ ሩቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴ ሆስፒታል ላይ የደረሰው ዝርፊያና ውድመት ደግሞ ለዓመታት የተጠራቀመ መሣሪያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። አናቶሚን የሚያውቅ ጣት ግን ወደ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

የማሰር ሕግ የሚወጣው ከዚሁ ከዛቢያው ነው። መዞሪያው ክርን ላይ ስለሚጀምር ከክርን በታች የሚቀር ማሰሪያ፣ ቀርከሃም ይሁን ጀሶ፣ አንጓን ያስቆማል እንጂ ክንድን ከመዞር አያግደውም። የታችኛው መጋጠሚያ ከተጎዳ ማሰሪያው ከክርን በላይ መውጣት አለበት። የአልናው ራስ ወደ እጅ ጀርባ ከወጣ መዳፉን በማንጋለል፣ ወደ መዳፍ በኩል ከወጣ ደግሞ በመድፋት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በዚያው አኳኋን ወደ ስድስት ሳምንት ይታሰራል። አልመለስ ካለ በመካከሉ ጅማት ወይም ሽፋን ገብቶበታልና ኃይል መጨመር አይገባም። ጉዳቱ ከቆየ በኋላ የሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች አሉ። የኒው ዮርኩ ዳራክ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ የታወቀው የአልናን ራስ ቆርጦ የማውጣት ዘዴ አንዱ ነው፤ ሕመምን ያስታግሣል፣ መዞርንም ይመልሳል፤ ክንዱን ግን ያደክማል። ለአረጋዊት እናት የሚበጀው ይህ ቀዶ ሕክምና ለሚያርስ ሰው ሳይታሰብበት ሊደረግ አይገባም። ከቆየ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሊሠራ ይችል ከነበረው ያነሰ ነው።

ስለ ወጌሻ ሳይነሣ ይህ ጉዳይ አያልቅም። በኩታበርና በአካባቢው፣ እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፤ ይታወቃል፤ ሸንጎውና ቤተ ዘመዱ ያምነዋል። ጥሩ ወጌሻ በጣቱ ስብራትን ያገኛል፤ ይህም ብዙ ወጣት ሐኪም ራጅ ካላየ የማያደርገው ነው። አደጋው በሁለት ነገር ይመጣል። የመጀመሪያው አጥብቆ ማሰር ነው። ክንዱ ሲያብጥ ማሰሪያው ካልላላ ደም ይቆማል፤ ጡንቻው ይሞታል፤ እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ፎልክማን የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 የጻፈው የጣቶች መኮማተር የዚሁ ውጤት ሲሆን፣ እርሱ ያነሣው በሐኪሞች ማሰሪያ የደረሰውን ጉዳት መሆኑን ማስታወስ ትሕትና ይሰጣል። ጀሶም እንደ ቀርከሃ ያንቃል። ሁለተኛው ማሸት ነው። ጥልቁ ሽፋን የተነቀለበት አንጓ በየቀኑ በቅቤ ሲታሽና ሲጠመዘዝ፣ ዕረፍት ቢያገኝ ሊጣበቅ የሚችለው ጅማት ሳይጣበቅ ይቀራል።

ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዙ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ለወጌሾች አጭር ትምህርት በመስጠት በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት የሚደርሰውን የእጅና የእግር መቆረጥ መቀነስ እንደሚቻል አሳይቷል። ወጌሻውን በመዝለፍ የተገኘ ውጤት የለም፤ በማስተማር የተገኘው ግን ታትሞ ይገኛል። ያ ትምህርት ያተኮረው እጅን ከመቆረጥ በማዳን ላይ ነበር፤ ይህም ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው። በዚያው መንገድ ላይ ሁለት ነገር መጨመር አያስቸግርም፤ ማሰሪያው ከክርን በላይ እንዲወጣ፣ አንጓው በታሰረበት ጊዜ እንዳይታሽ። ለወጌሻው ምክንያቱን ለማስረዳት የመማሪያ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ መዳፉን ሲያገላብጥ በሌላው እጁ የራሱን ክንድ ቢይዝ፣ አጥንቱ ከክርን ጀምሮ ሲዞር በገዛ ጣቱ ያገኘዋል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ደግሞ የክንድ ወይም የአንጓ ጉዳት ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ መድፋትና ማንጋለል በሁለቱም እጅ ተለክቶ በካርዱ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ የሚፈቅደውን ያህል፣ ማሰሪያው በተፈታ ዕለት፣ እንዲሁም ከዚያ ሦስት ወር በኋላ። ልኬቱ ሁለት እርሳስና ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ከኩታበር ወደ ደሴ የሚላክ ታማሚ እነዚህን ቁጥሮች በካርዱ ላይ ይዞ ቢሄድ፣ የሚቀበለው ቀዶ ሐኪም መዞሩ የጠፋው በወደቀበት ቀን ይሁን ወይም በታሰረበት ጊዜ ለይቶ ያውቃል፤ ሕክምናውም በዚያው መጠን ይለያል።